ያደመቀውን ንገሩን፦ ስለ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል የቀረበ ዲስኩር



በዚህ ብርድ፣ ገሚሶቻችሁ ከሚኒያፖሊስ ገሚሶቻችሁ ከሴንት ፖል፣ ከሥራ ፈረቃ ወጥታችሁ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ ሲጋብዙኝ ያሉኝ ይህን ነው፦ «እኛም ልጆቻችንም በየቀኑ በእንግሊዝኛ እንጽፋለን። ሰዋስዋችን ተስተካክሎ እንኳ ጽሑፋችን ነፍስ ያጥረዋል። ስለዚህ ጉዳይ አንድ ነገር በለን።» ጥያቄው ትልቅ ነው። እኔ ግን አንዲት ትንሽ ቃል ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። ቃሏ «ላይቭሊ» ናት።

ይህችን ቃል ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ልጃችሁ ለኮሌጅ ማመልከቻ ስለ አዲስ ዓመት በዓላችን ሲጽፍ ያስገባታል። ምግብ ቤት የከፈተ ወንድማችን በማስታወቂያው ላይ ያሰፍራታል። በነርሲንግ ሆም የምትሠራ እህታችን በፈረቃዋ ማብቂያ ማስታወሻ ላይ ትጽፋታለች። ሕይወት ያለበትን ነገር ሁሉ ለመግለጽ እጃችን ቶሎ የሚደርስባት ቃል እርሷ ናት።

ዛሬ በአራት ነጥቦች እሄዳለሁ። አንደኛ፣ የቃሏ ዘርና ጠባይ። ሁለተኛ፣ እርሷ የምትሸፍነውን ሁሉ አማርኛችን በስንት ቃል እንደሚለየው። ሦስተኛ፣ በዚህ በሚኖሶታ ሰው አፍ ውስጥ ምን ትርጉም እንዳላት። አራተኛ፣ ቃሏ ብቻዋን የማትችለውን ሥራ ምን እንደሚሠራልን። በአራቱም ውስጥ የምደጋግማት አንዲት አደራ አለችኝ፤ ከአሁኑ ያዙልኝ፦ «ደማቅ ነው» ብላችሁ አትለፉን፤ ያደመቀውን ንገሩን።

አንደኛው ነጥብ፤ ዘሯና ጠባይዋ።

«ላይቭሊ» ከ«ላይፍ» የወጣች ናት፤ ሕይወት ከሚለው ቃል። ከጥንታዊው እንግሊዝኛ ጀምሮ የነበረች የአገሬው ተወላጅ ቃል ናት። እንግሊዝኛ ግን በዚህች ብቻ አልረካም፤ ከላቲን እየተበደረ እህቶች ጨመረላት። «ቪቪድ» እና «ቪቬሽስ» ከላቲኑ «መኖር» ከሚለው ግሥ ተወለዱ። «አኒሜትድ» ነፍስና እስትንፋስ ከሚለው ቃል መጣች። «ስፒሪትድ» የመጣችውም መተንፈስ ከሚለው ግሥ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉልኝ። በግእዝ ነፍስ፣ ነፋስና መንፈስ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። እኛም እነርሱም፣ ሳንመካከር፣ ሕያው የሆነን ነገር ስንሰይም ከትንፋሽ ተነሥተናል። ስለዚህ ልጆቻችሁ «አኒሜትድ» የሚለውን ቃል ሲያጠኑ በባዶ እንዳያሸመድዱት፤ «ነፍስ የተዘራበት» ማለት ነው በሏቸው። አይረሱትም።

«ቫይብራንት» ደግሞ መንቀጥቀጥ፣ መወዛወዝ ከሚል የላቲን ግሥ ናት። የክራር ጅማት ሲመታ የሚንቀጠቀጠውን አስቡ፤ የቃሏ ምስል እርሱ ነው። ወደዚህች ቃል በኋላ እመለሳለሁ።

አሁን ስለ ጠባይዋ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን፤ ምክንያቱም በትምህርት ቤት «መጨረሻው ‹ሊ› የሆነ ቃል ተውሳከ ግሥ ነው» ተብለን ተምረናል። «ኩዊክሊ»፣ «ስሎውሊ» እንደሚባለው ማለት ነው። «ላይቭሊ» ግን ቅጽል ናት፤ ስምን እንጂ ግሥን አትገልጽም። ስለዚህ «ሺ ስፖክ ላይቭሊ» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው፤ «ሺ ስፖክ ኢን ኤ ላይቭሊ ዌይ» ይባላል። ሁለተኛው ስሕተት «አላይቭ» ላይ ነው። «አላይቭ» በሕይወት አለ ማለት ናት፤ ከስም በፊት ግን አትቆምም። «ዘ ትሪ ኢዝ አላይቭ» ይባላል፤ «አን አላይቭ ትሪ» ግን አይባልም። ሦስተኛው «ላይቭሊሁድ» ነው። መልኩ ከ«ላይቭሊ» ጋር ቢመሳሰልም ትርጉሙ መተዳደሪያ፣ እንጀራ ማለት ነው። «ሂ ሎስት ሂዝ ላይቭሊሁድ» የተባለ ሰው መተዳደሪያው ነው የጠፋበት፤ ደስታው ነው ብላችሁ እንዳትተረጉሙት።

ሰዋስዉ ይህን ያህል ይብቃን። ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልሻገር፤ እኔን በጣም ደስ የሚለኝም እርሱ ነው።

በአማርኛ ገበያ ሲሞላ፣ ሻጭና ገዢ ሲጋፋ ምን እንላለን? ደራ እንላለን። ክርክር ሲግል? ጦፈ። ሠርግ? ደመቀ። ቤቱ፣ ጨዋታው? ሞቀ። ፊት? ፈካ። ሳቋ የማይነጥፍ ልጅ? ፍልቅልቅ። እግሩ የማያርፍ፣ ተልኮ ወዲያው የሚመለስ ልጅ? ቀልጣፋ። ሰው ጆሮ የሚሰጠው ንግግር? ለዛ ያለው።

እነዚህን ሁሉ እንግሊዝኛ በ«ላይቭሊ» ሊላቸው ይችላል። ላይቭሊ ማርኬት፣ ላይቭሊ ዲቤት፣ ላይቭሊ ፓርቲ፣ ላይቭሊ ቻይልድ፣ ላይቭሊ ስታይል። አንዱም ስሕተት አይደለም። ነገር ግን ምን እንደቀረ አስተውሉ። ጦፈ ስንል እሳት አለ። ደመቀ ስንል ቀለም አለ። ሞቀ ስንል ምድጃ አለ። ፍልቅልቅ ስንል ከመሬት የሚፈልቅ ምንጭ ይታየናል። ለዛ ስንል ምላስ ላይ የሚቀር ጣዕም አለ። አባቶቻችንና እናቶቻችን ለእያንዳንዱ ድምቀት ቦታውንና ምስሉን ሰጥተውታል። ሁሉን ወደ አንዲት ቃል ስንጨፈልቀው እሳቱም፣ ቀለሙም፣ ምንጩም ይጠፋል።

ይህ ማለት እንግሊዝኛ ድሃ ነው ማለት አይደለም። እንግሊዝኛም ምስሎቹ አሉት፤ እኛ ነን የማንፈልጋቸው። የደራ ገበያ «በስሊንግ» ነው። የጦፈ ክርክር «ሂትድ» ነው፤ እዚያም እሳት አለ። ፍልቅልቅ ልጅ «በብሊ» ናት፤ እዚያም ውሃው ይፈልቃል። ይሁንና ተጠንቀቁ፤ ምስሉ ቢመሳሰልም ክብደቱ ይለያያል። ለሥራ ባልደረቦቻችሁ በምትልኩት ኢሜይል ስብሰባው «ሂትድ» ነበር ብትሉ ሰዎች ተቆጥተው ነበር ማለታችሁ ነው። «ላይቭሊ» ነበር ብትሉ ግን ሁሉም በደስታ ተሳተፈ ማለታችሁ ነው። በአማርኛ «የጦፈ ውይይት» ሁለቱንም ይችላል፤ በእንግሊዝኛ ግን መምረጥ አለባችሁ። «በብሊ» ደግሞ የጨዋታ ቃል ናት፤ ለሥራ በምትጽፉት የድጋፍ ደብዳቤ ውስጥ አትገባም።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ምክሬን ልስጥ። «ላይቭሊ» ብላችሁ ልትጽፉ ስትሉ ብዕራችሁን አቁሙና ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህን በአማርኛ ምን እለው ነበር? ደራ ወይስ ሞቀ? ጦፈ ወይስ ፈካ? መልሱ የትኛውን እንግሊዝኛ መፈለግ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል። አማርኛችሁ እንቅፋት ሆኖባችሁ አያውቅም፤ እዚህ ላይ መሪያችሁ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ፤ ቃሏ በዚህ በሚኖሶታ ሰው አፍ።

አገሬውን ታውቁታላችሁ። የሚኖሶታ ሰው ቃል ይቆጥባል። ምግባችሁ በጣም ጣፍጦት «ኖት ቱ ባድ» ይላችኋል። ያልወደደውን ነገር «ዛትስ ዲፈረንት» ብሎ ያልፈዋል። ሃዋርድ ሞር የተባለ የዚሁ ግዛት ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1987 ስለዚህ አነጋገር ራሱን የቻለ መጽሐፍ አሳትሟል። እኛም ቅኔው ሰምና ወርቅ ከሆነ አገር ስለመጣን ነገሩ ሊገባን ይገባል፤ ከላይ የሚሰማው ሌላ፣ ከሥር ያለው ሌላ።

ታዲያ ከዓመታት በፊት አንዲት እናት የልጇን መምህርት ማስታወሻ ይዛ ወደ እኔ መጣች። ማስታወሻው ውስጥ «ሂ ኢዝ ኤ ቬሪ ላይቭሊ ቦይ» የሚል ነበረ። እርሷ ምስጋና ነው ብላ ለዘመድ ሁሉ ነግራለች፤ ልጇን ስማለታለች። ከወላጆችና መምህራን ስብሰባ በኋላ ግን ፊቷ ተለውጦ ተመለሰች። «ላይቭሊ» የተባለው በክፍል ውስጥ ስለማይቀመጥ ነበር። መምህርቷ አልዋሸችም፤ ሰውን ላለማስከፋት ለስላሳውን ቃል መርጣለች። እናቲቱም አልተሳሳተችም፤ ቃሉን እንዳለ ተቀብላዋለች። ሁለቱም ያንን ልጅ ይወዱታል። በመካከላቸው ግን አንዲት ሰፊ ቃል ገብታ ልጁን ሸፈነችው። የዚህን ታሪክ መጨረሻ በኋላ እነግራችኋለሁ።

«ቫይብራንት»ም እንዲሁ ናት። ስለ ስደተኛ ሰፈር በሚጻፍ የከተማ ዕቅድና የቤት ማስታወቂያ ላይ ይህችን ቃል ሳታገኙ አትቀሩም፤ «ቫይብራንት ኮሚዩኒቲ» እየተባለ። የሚኒያፖሊሱን ሰፈር፣ ሲዳር ሪቨርሳይድን፣ እንውሰድ። ራልፍ ራፕሰን የነደፋቸውን፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጠናቀቁትን፣ ባለ ብዙ ቀለም ሰሌዳ ረጃጅም ፎቆች ሁላችሁም ከሩቅ ታውቋቸዋላችሁ፤ ብዙዎቻችሁም ኖራችሁባቸዋል። ነገር ግን «ቫይብራንት» የሚለው ቃል ስለ ሰፈሩ ምን ነገረን? የሻይ ሽታ የለበትም፤ በሊፍቱ ውስጥ የሚሰሙት ሶማሊኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ የሉበትም። እዚያው ሰፈር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የስካንዲኔቪያ ስደተኞች ይኖሩ ነበር። ሲዳር ጎዳናን «ስኑስ ቡሌቫርድ» ይሉት ነበር፤ ስዊድናውያን ከንፈራቸው ሥር በሚይዙት ትንባሆ ስም ማለት ነው። ያ ስም ዛሬም ድረስ ይሸታል፤ ሰው ይታይበታል። እነዚያ ስደተኞች ጎዳናቸውን «ደማቁ ጎዳና» ብለው ቢሰይሙት ኖሮ ዛሬ ማን ያስታውሰው ነበር? ደማቅ ነው ብላችሁ አትለፉን፤ ያደመቀውን ንገሩን።

አራተኛውና ዋናው ነጥብ፤ ቃሏ ብቻዋን የማትችለውን ምን ይሥራልን?

ከዚሁ ከሴንት ፖል ታሪክ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1885 አንድ የኒውዮርክ ጋዜጣ ዘጋቢ ስለ ሴንት ፖል ሲጽፍ ከተማዋን ከሳይቤሪያ ጋር አመሳሰላት፤ በክረምት ለሰው መኖሪያ የማትሆን አድርጎ ሣላት። የከተማዋ ሰዎች ተናደዱ። «ከተማችን ሕያው ናት» የሚል ደብዳቤ መጻፍ ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን በማግስቱ ዓመት፣ በ1886፣ የክረምት ካርኒቫል ጀመሩ፤ ከበረዶም ቤተ መንግሥት ሠሩ። ካርኒቫሉ ዛሬም አለ፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁበታል። ዘጋቢው በረዶውን የሞት ማስረጃ አድርጎ ነበር ያቀረበው፤ እነርሱ ያንኑ በረዶ ወስደው የሕይወት ማስረጃ አደረጉት። ጥሩ ጽሑፍም እንዲህ ነው የሚከራከረው፤ ሕይወት አለኝ ብሎ ከመማል ይልቅ አንድ የሚታይ ነገር ሠርቶ ያቆማል።

ሁለተኛው ምሳሌ የሚኒያፖሊስ ልጅ ነው። ሮበርት ፒርሲግ በዚህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1928 ተወለደ። «ዜን ኤንድ ዚ አርት ኦፍ ሞተርሳይክል ሜንተናንስ» የተባለው መጽሐፉ 121 ጊዜ በአሳታሚዎች ውድቅ ከተደረገ በኋላ በ1974 ታተመ። በመጽሐፉ ውስጥ የሚተረክ አንድ ነገር አለ። ድርሰት የሚያስተምር መምህር አለ፤ አንዲት ተማሪው ስለ አሜሪካ 500 ቃላት ልትጽፍ ፈልጋ ምንም የምትለው አጣች። ስለምትማርባት ከተማ ብቻ ጻፊ አላት፤ አሁንም አቃታት። ስለ ዋናው ጎዳና፤ አሁንም ዝም። በመጨረሻ «በጎዳናው ላይ ካለው የኦፔራ ቤት የፊት ግድግዳ፣ በስተግራ ከላይ ካለችው ጡብ ጀምሪ» አላት። ሄዳ ከማዶ ተቀመጠች፤ ከዚያች ጡብ ተነሥታ 5,000 ቃላት ጽፋ መጣች። ስለ አገር ሁሉ የተባለውን ብቻ ነበር መድገም የምትችለው። ስለዚያች ጡብ ግን ከእርሷ በፊት ማንም አልጻፈም፤ በገዛ ዓይኗ ማየት ነበረባት።

የኮሌጅ ማመልከቻ የምትጽፉ ልጆቼ፣ ይህ ለእናንተ ነው። በጋራ ማመልከቻ ቅጹ፣ በኮመን አፕ፣ ለድርሰታችሁ የሚፈቀድላችሁ እስከ 650 ቃላት ነው። «አወር ኮሚዩኒቲ ኢዝ ላይቭሊ ኤንድ ቫይብራንት» ብላችሁ ስትጀምሩ አንባቢው ይህንን በዚያው ቀን ከብዙ ልጆች አንብቦታል። ይልቁንስ ጡባችሁን ፈልጉ። እናታችሁ ቡና ስትቆላ የጭስ ደወሉ እንዳይጮህ የምትይዙትን ፎጣ ጻፉ። በጥምቀት ቀን ከነጠላው ላይ የሚደረበውን የክረምት ጃኬት ጻፉ። ይህንን ከእናንተ በቀር የሚጽፍ የለም።

አሁን በግሩፕ ሆምና በነርሲንግ ሆም የምትሠሩ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ወደ እናንተ ልምጣ። እናንተ በየፈረቃው የምትጽፉት ማስታወሻ በዚህ ከተማ ከሚጻፈው እንግሊዝኛ ሁሉ ይልቅ ለሰው ሕይወት የቀረበ ነው። «ላይቭሊ ቱዴይ» ብላችሁ ብትጽፉ ቀጥሎ የሚገባው ሠራተኛ ምን ያውቃል? «ቁርሷን ጨርሳ በላች። ሙዚቃ ሲከፈት አጨበጨበች። ልጇን በስሟ ጠራች» ብትሉ ግን ሴትየዋ ታየች። ሌላም ከባድ ነገር አለ። ሁልጊዜ ዝም የሚሉ አዛውንት በአንድ ቀን ድንገት ቢለፈልፉ፣ ቢቅበጠበጡ፣ ያ ደስታ ላይሆን ይችላል። በአዛውንቶች ዘንድ ድንገተኛ የጠባይ ለውጥ የኢንፌክሽን ምልክት ሊሆን ይችላል። «ላይቭሊ» የሚለው ቃል ያንን ምልክት በመልካም ልብስ ይሸፍነዋል። ያያችሁትንና የሰማችሁትን ስትጽፉ ግን ነርሷ ታየዋለች። እዚህ ላይ ስለ ውብ ጽሑፍ ብቻ አይደለም የማወራው፤ ስለ ሰው ነፍስ ነው።

ከዚህ ነጥብ ሳልወጣ ስለ ግሥ አንድ ነገር ልበል። በአማርኛ ሕይወቱ ያለው በግሡ ላይ ነው። ብድግ አለ፣ ዱብ አለ፣ ቦግ አለ፣ እልም አለ፣ ሽው አለ። እነዚህን የሰማ ሰው ነገሩ በዓይኑ ይሄድበታል። ወደ እንግሊዝኛ ስንሻገር ግን ግሡን እዚያው ጥለነው እንመጣና «ሂ ስቱድ አፕ ቬሪ ኩዊክሊ» እንላለን። ደካማ ግሥ እንይዝና በ«ቬሪ» ልናቆመው እንሞክራለን። እንግሊዝኛም ብርቱ ግሦች አሉት። ብድግ አለ «ሊፕት አፕ» ነው። እልም አለ «ቫኒሽድ» ነው። ቦግ አለ «ፍሌርድ» ነው። አንዲት ብርቱ ግሥ ካገኛችሁ «ላይቭሊ»ንም «ቬሪ»ንም አትሹም።

እንግዲህ ይዛችሁ የምትሄዱትን ላጠቃልል። አንድ፦ «ላይቭሊ» ቅጽል ናት፤ ከስም ጋር እንጂ ከግሥ ጋር አታስኬዷት። ሁለት፦ ከመጻፋችሁ በፊት በአማርኛ ደራ፣ ጦፈ፣ ሞቀ፣ ፈካ ከሚሉት የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። ሦስት፦ ሌላ ሰው በዚህች ቃል ሲጠራችሁ ወይም ልጃችሁን ሲገልጽ ምን አይቶ እንደሆነ በትሕትና ጠይቁት። አራት፦ ጡባችሁንና ግሣችሁን ፈልጉ። ቃሏን ጨርሳችሁ ተዉ አላልኩም። ያደመቀውን ካሳያችሁ በኋላ «ላይቭሊ» ብትሉ፣ ያን ጊዜ ቃሏ የምትቆምበት መሬት አላት።

አሁን ወደዚያች እናት ልመለስ። አፍራ ነበር፤ ከእንግዲህ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ አልደርስም ብላ ነበር። «እስቲ እንቀመጥና ለመምህርቷ መልስ እንጻፍ» አልኳት። «ልጄ ጎበዝ ነው» ልትል ፈለገች። «እሺ፣ ቤት ውስጥ ምን ያደርጋል?» አልኳት። መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ ቀስ እያለች መናገር ጀመረች፤ እኔም በቀላል እንግሊዝኛ አሰፈርኩት። ሲቆጥር እየተራመደ ነው የሚቆጥረው። አያቱ ተረት ስትነግረው ቆሞ ይሰማል፤ አንበሳው ሲመጣ እርሱ ያገሳል። ማታ የሁሉንም ሰው ጫማ በር ላይ ደርድሮ ነው የሚተኛው። ደብዳቤው ከስድስት ዓረፍተ ነገር አይበልጥም ነበር፤ «ላይቭሊ» የሚል ቃልም አልነበረበትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከመምህርቷ አጭር ማስታወሻ መጣ። ልጁ ከእንግዲህ በክፍሉ ጀርባ ቆሞ መሥራት እንደሚችል፣ ወረቀት የማደል ሥራም እንደተሰጠው ይገልጻል። በመጨረሻው መስመር ላይ ደግሞ፣ ዛሬ ወረቀቱን ሲያድል የእያንዳንዱን ልጅ ስም እየጠራ እንደሰጠ ተጽፏል። እናቲቱ ያንን ወረቀት ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፋዋለች። በዚህ ጊዜ ትርጉሙን የሚነግራት ሰው አላስፈለጋትም፤ ልጇን አውቃዋለች።